የምድር ፕሌቶችን የሚያንቀሳቅሳቸው ምንድን ነው? ሁለት ወርክሺት፣ ሁለት መልስ

#1 የሂርማታ ፎቶኮፒ

አካም ጅርቱ የጅማ ልጆች። ሥራዬ ኮፒና ጽሕፈት ነው። ፈተና ሲቃረብ መምህራን ጥያቄያቸውን በእጅ ጽፈው ያመጡልኛል፣ እኔ እተይባለሁ። ስተይብ ደግሞ ማንበቤ አይቀርም።

አሁን ከሁለት ትምህርት ቤት የመጡ ሁለት የጂኦግራፊ ወርክሺቶች እጄ ላይ አሉ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቴክቶኒክ ፕሌቶች ለምን ይንቀሳቀሳሉ?» ፕሌት የሚሉት የምድር ላይኛው ክፍል የተከፋፈለባቸውን ግዙፍ ቁርጥራጮች ነው። የአንደኛው መልስ፦ «ከሥራቸው ያለው ቅልጥ ማግማ እየተዘዋወረ ተሸክሟቸው ስለሚሄድ።» የሁለተኛው፦ «የፕሌቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ የቀረውን ስለሚጎትተው።» ልጆቹ ሊወስዱ መጥተው እዚሁ ባንኮኒው ላይ ተከራከሩ። አንዱማ «ያንተ ቲቸር አያውቅም» እስከማለት ደረሰ።

እኔ የማንንም መልስ አልነካም፣ እንዳለ ነው የማትመው። ግን ነገሩ ከነከነኝ። የትኛው ነው ልክ? የሚያውቅ ሰው በሚገባኝ አማርኛ ይንገረኝ።

#2 ቡና ቀማሽ

አንተ ሰው፣ ኮፒህን አድርገህ ሂሳብህን ተቀበል እንጂ ምን አስጨነቀህ? ሃሃ። በእኔ ቤት የመጀመሪያው ነው ልክ። እኛም «ኮንቬክሽን ከረንት» ተብለን ነው የተማርነው። ክብ ክብ የሚዞር ቀስት ያለበት ሥዕል ነበረው። ቀስቱን ለሣለ ሁለት ማርክ።

#3 ጥያቄ አያልቅብኝም

መሬት ስለምትሽከረከር አይደለም እንዴ? ይህን የሚያህል ነገር እየተሽከረከረ ላዩ ላይ ያለው ቅርፊት ዝም ብሎ ይቀመጣል ብዬ አላምንም።

#4 ድንጋይ ሰባሪዋ

ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው፣ ታገሱኝ።

አንደኛው ወርክሺት «ቅልጥ ማግማ» ያለው ላይ ስቷል። ከፕሌቶች ሥር የማግማ ባሕር የለም። እዚያ ያለው ማንትል ነው፤ ማንትል ደግሞ እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ ጠጣር አለት ነው። ማን ወርዶ አየው ለሚል፦ የመሬት መንቀጥቀጥ ከሚያስነሳቸው ሞገዶች አንዱ፣ ኤስ የሚባለው፣ በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። በማንትል ውስጥ ግን ያልፋል። የሚጠፋው ከማንትል በታች ያለው ፈሳሹ ውጨኛ ኮር ላይ ሲደርስ ነው።

ጠጣር ነው ማለት አይነቃነቅም ማለት አይደለም። በጣም ስለሚግል፣ ጫና ሲበዛበት ሳይሰበር ቀስ ብሎ ቅርጹን ይለውጣል፣ ይፈሳል። ፍጥነቱ በዓመት ሳንቲ ሜትሮች ነው። ማግማ የሚፈጠረው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው፤ የጋለው አለት ወደ ላይ ወጥቶ ግፊቱ ሲቀልለት፣ ወይም ውሃ ገብቶ የሚቀልጥበትን ሙቀት ሲያወርድለት።

አሁን ወደ ፕሌቱ። ፕሌት ሲባል ቅርፊቱ ብቻ አይደለም። የማንትሉ የላይኛው ቀዝቃዛ ክፍልም አብሮ አለበት። ውፍረቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአሮጌ አህጉራት ሥር ከዚያም ይበልጣል። የውቅያኖስ ወለል የሚወለደው በውቅያኖስ ውስጥ በተዘረጉ ሸንተረሮች ላይ ነው። ሲወለድ ትኩስና ቀላል ነው። ከሸንተረሩ እየራቀ ሲሄድ ይበርዳል፣ ይወፍራል፣ ይከብዳል። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ካለፈ በኋላ ከሥሩ ካለው ትኩስ አለት ይልቅ ከባድ ይሆናል። መግቢያ ካገኘ ይሰምጣል። ጋቢ ከአልጋ ጠርዝ ተንጠልጥሎ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የወረደው ሲበዛ አልጋው ላይ የቀረውንም ይዞት ይወርዳል። ማንም አልገፋውም። ፕሌቱ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ደግሞ ግፊቱ የወለሉን ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱን፣ ኤክሎጋይት ወደሚባል የባሰ ከባድ አለት ይቀይረዋል። ጉተታው ያኔ ይጠነክራል።

ማስረጃው ፍጥነታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፎርሳይዝና ኡዬዳ የሚባሉ ተመራማሪዎች ፕሌቶቹን አንድ በአንድ አወዳደሩ። ረጅም የሚሰምጥ ጠርዝ ያላቸው ፈጣኖች ሆነው ተገኙ። ፓስፊክ ፕሌት በዙሪያው ብዙ መስመጫ ስላለው በዓመት ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። የሚሰምጥ ጠርዝ የለውም ለማለት የሚቻለው የሰሜን አሜሪካ ፕሌት 2 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ ነው። የፕሌቱ ስፋት ግን ከፍጥነቱ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። ዋናው ኃይል ከሥር የሚሸከም ጅረት ቢሆን ኖሮ፣ ሰፊው ብዙ ቦታ ላይ ስለሚነካው የተለየ ነገር ማየት ነበረብን።

ስለዚህ ሁለተኛውን ወርክሺት የጻፈው መምህር ወደ እውነቱ ቀርቧል።

#5 ቡና ቀማሽ

እና ያ የሚዞረው ቀስት ውሸት ነው? ሁለት ማርኬን ልመልስ?

#6 ድንጋይ ሰባሪዋ

ማርክህን ያዝ። ዝውውሩ አለ። ትኩስ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ይሰምጣል፤ ኮንቬክሽን ማለት ይኸው ነው። ስህተቱ ፕሌቱን ከዝውውሩ ነጥሎ ማየት ነው። ፕሌቱ ራሱ የዝውውሩ የላይኛውና ቀዝቃዛው ክፍል ነው። ሲሰምጥ ማንትሉንም ያነቃንቀዋል።

ሥዕሉ ላይ ሌላም ችግር አለ። ከእያንዳንዱ ሸንተረር ሥር የማይነቃነቅ የሙቀት ዓምድ ያስቀምጣል። አንታርክቲካን ተመልከቱ። ዙሪያውን ከሞላ ጎደል በሸንተረር የተከበበ ነው። ሸንተረሮቹ ሁሉ አዲስ ወለል ወደ እሱ ይጨምራሉ፣ እሱ ግን የሚሰምጥበት ጠርዝ የለውም ማለት ይቻላል። እንግዲህ መሄድ ያለባቸው ሸንተረሮቹ ራሳቸው ናቸው። ከሥር የቆመ ዓምድ ቢኖር እንዴት ይሄዳሉ? አብዛኛው ሸንተረር ፕሌቶቹ ተጎትተው ሲለያዩ የሚከፈተውን ቦታ ለመሙላት አለት የሚወጣበት ነው።

#7 ጡረተኛው መምህር

ሰላም ለሁላችሁም። ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያንን ቀስት በጠመኔ ሥዬዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ።

ጥያቄ አያልቅብኝም፣ ልጄ፣ የመሬትን መሽከርከር ስታነሳ ቀድሞህ ያነሳው አልፍሬድ ቬገነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 አህጉራት ድሮ አንድ ነበሩ፣ ኋላ ተለያዩ አለ። ምን ገፋቸው ሲባል፣ ከመሬት መሽከርከር የሚመጣ፣ አህጉራትን ከዋልታ ወደ ምድር ወገብ የሚያሸሽ ኃይል አለ አለ። የፀሐይንና የጨረቃን ስበትም ጨመረበት። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ጄፍሪስ አስልቶ ኃይሎቹ ከሚፈለገው እጅግ ያነሱ መሆናቸውን አሳየ። ሂሳቡ ትክክል ነበር። የሚያሳዝነው ከኃይሉ ጋር ሐሳቡን ሁሉ መጣላቸው ነው። ቬገነር የአየር ጠባይ ተመራማሪ ስለነበር ብዙ ጂኦሎጂስቶች ከውጭ እንደመጣ ሰው ነበር የሚያዩት። እ.ኤ.አ. በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞተ፤ ሐሳቡ ተቀባይነት ሲያገኝ አላየም።

ክቡ ቀስት የአርተር ሆምስ ልጅ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ማንትል በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ሙቀት ይዘዋወራል፣ አህጉራትንም ይዞ ይሄዳል አለ። በዘመኑ ይህን ማለት ድፍረት ነው። በ1950ዎቹ ሜሪ ታርፕ የአትላንቲክን ወለል ካርታ ስትሥል በሸንተረሩ መሃል ሸለቆ አገኘች። አብሯት የሚሠራው ብሩስ ሂዘን መጀመሪያ የሴት ወሬ ብሎ አጣጣለው። ኋላ የመሬት መንቀጥቀጦቹ በዚያው ሸለቆ ላይ ተደርድረው ሲያይ አመነ። ያ ሸለቆ ከምን ጋር ነበር የተመሳሰለው? ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር! ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪ ሁሉ ቀና ይል ነበር። ከዚያ በ1962 ሃሪ ሄስ ወለሉ ይሰፋል አለ። በ1963 ቫይንና ማቲውስ በወለሉ ላይ ያለውን የማግኔት ሽንትር፣ አለቱ ሲወለድ በያዘው የማግኔት አቅጣጫ የተነሣ የሚታየውን መስመር፣ አስረዱ።

መጻሕፍት የሆምስን ሥዕል እንዳለ ይዘው ቀሩ። መምህሩ ላይ አትፍረዱ፣ በእጁ ያለውን ነው ያስተማረው።

#8 ጥያቄ አያልቅብኝም

እሺ ጋሼ፣ ሽክርክሪቱን ተውኩት። አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ሁሉም ነገር በሚሰምጥ ጠርዝ የሚጎተት ከሆነ እኛን ማን ይጎትተናል? ኢትዮጵያ አጠገብ የሚሰምጥ ባሕር የለም። መሬቱ ግን እየተሰነጠቀ ነው። የድንጋይ ሰባሪዋ ጋቢ እዚህ ጋ አይሠራም።

#9 ድንጋይ ሰባሪዋ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኛም ስብሰባ ላይ የምንጨቃጨቅበት ነው።

አፍሪካም እንደ አንታርክቲካ አብዛኛው ዙሪያዋ ሸንተረር ነው። የሚሰምጥ ጠርዟ በስተሰሜን በሜዲትራኒያን፣ በተለይ ግሪክ ሥር ነው ያለው። ለዚህ ነው ቀርፋፋ የሆነችው። ዓረቢያ የተለየች ናት። በሰሜን ምሥራቅ ጫፏ የነበረው ባሕር ከኢራን ሥር ሲሰምጥ ኖሯል፣ ማክራን በሚባለው ጠረፍ ዛሬም ይሰምጣል። ስለዚህ ቀድማ ተገነጠለች። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የተከፈቱት በዚህ ነው፤ ዛሬም በዓመት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሰፋሉ።

ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ያለው የሱማሌ ፕሌት እንዲህ ያለ ጎታች የለውም። ስለዚህ ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ የሚሰፋው በዓመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጅማ ያለችው ከስምጡ በስተምዕራብ ባለው በኑቢያ ፕሌት ላይ ነው፣ ሐረር በሱማሌ ፕሌት ላይ። ሐረር የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው በ50 ዓመት ውስጥ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቀዋል።

ታዲያ ይህን ያህሉንስ ማን ያደርገዋል? ከፍታችን። ከአፍሪካ ሥር ከጥልቅ ማንትል የሚወጣ ሰፊ የጋለ አለት አለ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ እሱ ጋ ሲደርስ ስለሚዘገይ ይታያል። ከደቡብ አፍሪካ ሥር ተነሥቶ ወደ እኛ ያዘነብላል። ይህ ሙቀት ደጋችንን ወደ ላይ አንሥቶታል። ከፍ ያለ መሬት ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ጎንና ጎን መለጠጥ ይፈልጋል። የውቅያኖስ ሸንተረርም በከፍታው የተነሣ ፕሌቱን ወደ ጎን የሚገፋበት መንገድ ይኸው ነው። ከጠርዝ ጉተታ ያነሰ ኃይል ነው፣ ጎታች በሌለበት ግን ይሠራል።

#10 አዌቱ ማዶ

እኔ ልጠይቅ። ከአዲስ አበባ ስንመጣ ወልቂጤን አልፈን ጊቤ በረሃ የምንወርደው ስምጥ ሸለቆ ነው? ሁሌ ጆሮዬ ድም ይልብኛል እዚያ ጋ።

#11 ድንጋይ ሰባሪዋ

አይደለም። ስምጡ ከዚያ በስተምሥራቅ ነው፣ ከቡታጅራና ከሆሳዕና ወዲያ። የጊቤን ገደል የቆፈረው ውሃው ነው። ግን መሬቱ ከፍ ባይል ኖሮ ወንዙ እንዲህ የሚቆፍርበት ጉልበት አያገኝም ነበር። ጆሮህን ድም ያሰኘው ቁልቁለት እንግዲህ ከሥር ያለው ሙቀት የእጅ ሥራ አለበት።

ሌላም ልንገርህ። የጅማ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ድሮ የፈሰሰ ላቫ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኢትዮጵያ ደጋ ላይ እጅግ ብዙ ባዛልት ፈሶ ነበር፣ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ከዚያም የቀደመ አለ። ያ ድንጋይ በዝናብና በሙቀት ሲበሰብስ ነው ቀዩ አፈር የሚሆነው።

#12 ቡና ቀማሽ

ስለዚህ ቡናችን የማንትል ልጅ ናት! ይህን ለገዢዎች መንገር አለብኝ። ዋጋ ይጨመርልን።

#13 ጡረተኛው መምህር

ልጄ ድንጋይ ሰባሪዋ፣ ማብራሪያሽ ደስ ይላል። ግን ማግማውን ከሜዳ አስወጣሽው፤ እዚህ ላይ አልስማማም።

መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ የሆነውን አስታውሱ። ማግማ በመሬት ውስጥ ተሰንጥሮ ገባ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ስፋት፣ በቀናት ውስጥ! የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ቦታው ድረስ ሄደው አጥንተውታል። በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ የነበረው በአንድ ጊዜ 8 ሜትር ተከፈተ። ይህን ያደረገው ማግማ ነው። 2017 ዓ.ም. ላይ ፈንታሌና ዶፈን መካከል መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ አዋሽ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ከሥር ይንቀሳቀስ የነበረው ማግማ ነው። ኅዳር 2018 ላይ ደግሞ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ። ይህ ሁሉ እያለ ማግማ ተመልካች ነው ልንል ነው?

#14 ድንጋይ ሰባሪዋ

መምህር፣ ተመልካች አላልኩም። ሥራቸው ይለያያል ነው የምለው።

ወፍራም አህጉራዊ ፕሌት በጣም ጠንካራ ነው። ያሉት ኃይሎች ብቻቸውን ለመቅደድ አይበቁም። ማግማ ሲገባበት ያሞቀዋል፣ ያዳክመዋል፣ ስንጥቁን ይሞላል። ስለዚህ እዚህ እኛ ጋ ያለ ማግማ መሰንጠቁ አይሆንም ነበር ቢሉ እስማማለሁ። ግን ዳባሁ ላይ የተከፈተው 8 ሜትር ለዘመናት ሲጠራቀም የኖረ ውጥረት ነው። ፕሌቶቹ ሲጎተቱና ሲለጠጡ ቆይተው፣ ማግማው ያንን ቋጠሮ ፈታው። ዓረቢያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መሄዷን የወሰነው ማግማው አይደለም።

#15 ጡረተኛው መምህር

ስንጥቁን አምነሽልኛል። ጉዞውን በተመለከተ ሙቀቱ ቀድሞ ባይመጣ ዓረቢያ እዚህ ጋ ባልተገነጠለች ነበር፤ ሌላ ቦታ ትቀደድ ነበር ወይም ጭራሽ አትቀደድም ነበር። ከዚህች ንቅንቅ አልልም።

#16 ሲቪሉ

ሁለታችሁም ተረጋጉ። እኔ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፣ የሚያገባኝ ሌላ ነገር ነው። ጅማ ከስምጡ ራቅ ስለምትል ከአዳማ፣ ከሐዋሳ ወይም ከአዋሽ ይልቅ ስጋቷ ያነሰ ነው። ዜሮ ግን አይደለም። ትልቅ መንቀጥቀጥ ከመነሻው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆም ይሰማል። የግንባታ ደንባችን አገሪቱን በመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት በቀጠና ይከፋፍላል፣ እና ቀጠናው ዝቅ ያለ ነው ብሎ ብረት መቀነስ ነውር ነው። ጅማ ውስጥ ፎቅ እየበዛ ነው። ባለቤቶች «እዚህ መሬት አይንቀጠቀጥም» ሲሉኝ ይደክመኛል።

#17 ጥያቄ አያልቅብኝም

የመጨረሻዬ ናት። የሚሰምጠው ስለበረደ ነው፣ የሚወጣው ስለጋለ ነው። ሙቀቱስ ከየት ይመጣል? ያልቃል?

#18 ድንጋይ ሰባሪዋ

ከሁለት ምንጭ ነው። አንዱ ምድር ስትፈጠር የተጠራቀመው ነው፣ ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ የቆየ። ሌላው ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም በራዲዮአክቲቭ ሲፈርሱ የሚለቁት ነው። ከምድር የሚወጣው ጠቅላላ ሙቀት 47 ትሪሊዮን ዋት ገደማ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት ያለው የሕዳሴ ግድብ 9,000 ቢሆን ነው የሚደርስበት። ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ከራዲዮአክቲቭ የሚመጣ ነው። ሆምስ በዚህ በኩል ልክ ነበር። ያልቃል፣ ግን እኛ የምንጠብቀው አይደለም።

ሙቀት ብቻውን ግን አይበቃም። ቬነስ በመጠን የምድር እኩያ ናት ማለት ይቻላል። ውስጧም የጋለ ነው። እንደኛ ያለ የፕሌት እንቅስቃሴ ግን የላትም፣ ቅርፊቷ እንደ እኛው ተከፋፍሎ አይሰምጥም። ብዙ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከውሃ ጋር ያያይዙታል። ውሃ አለቱን ያለሰልሰዋል፣ ፕሌቱ እንዲታጠፍና እንዲሰምጥ ያግዘዋል። ቬነስ ላይ ግን የገጿ ሙቀት 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ውሃ ከየት ይመጣል?

#19 የሂርማታ ፎቶኮፒ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ያክብርልኝ ሁላችሁንም። አንዱ ተማሪ አሁን ስልኬ ላይ ይህን ሁሉ አንብቦ የራሱን ጥያቄ አመጣ። «ታዲያ ባሕር ጅማ ይደርሳል ወይ?» ይላል።

#20 ቡና ቀማሽ

ይድረስ! ቡናውን ከጂቡቲ ሳይሆን ከቦሳ ኪቶ እንጭናለን።

#21 ድንጋይ ሰባሪዋ

አይደርስም በለው። ባሕር ቢገባ መጀመሪያ የሚገባው አፋር ነው። ደናክል ዝቅተኛ ቦታው ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል ነው፣ አሁን ውሃውን የሚከለክለው በባሕሩ በኩል ያለው ከፍ ያለ መሬት ነው። ከዚያ በስምጡ ተከትሎ ወደ ደቡብ ሊመጣ ይችላል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ያውም ስንጥቁ ላይ አይደለችም።

ግን «ሊመጣ ይችላል» ያልኩት ላይ አስምርበት። የተጀመረ ስምጥ ሁሉ ባሕር አይሆንም። ደቡብ አትላንቲክ ሲከፈት አንዱ ክንድ ወደ ናይጄሪያ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ቤኑዌ ይባላል። መሰንጠቁን ጀመረና ቆመ። ዛሬ በደለል ተሞልቶ ወንዝ ይሄድበታል። የእኛው ዋና ስምጥ ጠንካራ ጎታች ስለሌለው እንደዚያው ሊቆም ይችላል፤ ወይም የዓረቢያ ጉዞ መልኩን ሲቀይር ይፈጥን ይሆናል። ለዚህ ነው ሐዋሳና አርባ ምንጭ ላይ ጂፒኤስ ተክለን ሚሊ ሜትር የምንቆጥረው።